ከልኩ ያለፈና ጊዜውን የሳተ የወር አበባ፤ ምን ይጠየቃል፣ ምንስ ይታከማል?

የጦሳ ሥር መምህርት (ደሴ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት በሙሉ። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የወር አበባዬ ከወትሮው እጅግ በዝቷል፤ ከሳምንት አልፎ ይሄዳል፣ የረጋ ደምም ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምረው ሞዴስ ላይ ጨርቅ ደርቤ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ነው። ከፒያሳ ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት ድሮ እያወራሁ እወጣው ነበር፤ አሁን ግን መሐል ላይ ቆሜ ትንፋሽ ካልሰበሰብሁ አልዘልቀውም።

እናቴ «እኔም እንዲሁ ነበርሁ፤ ስታርጪ ይተውሻል» ትለኛለች። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ያዩኝ ባለሙያ ሳይመረምሩኝ ደም ማቆሚያ ብለው ኪኒን ጻፉልኝ፤ ሄሞግሎቢንሽ 12.4 ስለሆነ ደም ማነስ የለብሽም አሉኝ። ኪኒኑን ስውጥ ይቀንስልኛል፣ ስተወው ይመለሳል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንዲህ ያለው ደም ተፈጥሮዬ ነው ተብሎ የሚተው እስከ ምን ድረስ ነው? ሐኪም ዘንድ ስሄድስ ምን ምን እንዲታይልኝ ልጠይቅ?

አዋላጅ ነርስ (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ልኩን እንለይ። ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ያለው ጊዜ ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን፣ የሚፈስበት ጊዜ ደግሞ እስከ 8 ቀን ቢሆን ጤናማ ነው ይባላል። ከዚህ ሲወጣ፣ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ሲታይ መንስኤውን መፈለግ ግድ ነው። ስለ መጠኑ መጻሕፍት 80 ሚሊ ሊትር የሚል ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን ደሟን ለክታ የምትመጣ ሴት ስለሌለች እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሞዴሱ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይርሳል ወይ? ለመቀየር ከእንቅልፍሽ ትነሻለሽ ወይ? የረጋው ደም ስፋት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል ወይ? ከሥራ፣ ከለቅሶ፣ ከሠርግ ያስቀርሻል ወይ? ጨርቅ ደርበሽ ጥቁር ቀሚስ መርጠሽ የምትወጪ ከሆነ መልሱን ራስሽ ሰጥተሽዋል፤ ይህ ሊመረመር የሚገባው ደም ነው።

የእናትሽን ቃል በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ሆኖም እናትም ልጅም አንድ ዓይነት ችግር ማየታቸው ችግሩን ጤናማ አያደርገውም። እንዲያውም ማዮማም (በማኅፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ሆነ ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር በቤተሰብ የሚወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ለሐኪሙ መንገርሽን አትርሺ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር ቢኖር የእርግዝና ምርመራ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደም በዛብኝ ብላ ስትመጣ፣ «አላረገዝሁም» ብትልም እንኳ ከሁሉ አስቀድሞ የሽንት ምርመራ ይሠራላታል፤ የሚጨናገፍ ጽንስም ሆነ ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝና የወር አበባ መስሎ ሊመጣ ይችላልና። በአንድ ጎን የሆድ ሕመም፣ ስትነሺ ዓይን መጨለም፣ ራስን መሳት ካለ፣ ወይም ሞዴሱ በየሰዓቱ እየራሰ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

የላብራቶሪ ባለሙያ

ስለ 12.4 አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ ነው። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው የተቀመጠ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የደጋ ሰው አካል ያንኑ ኦክሲጅን ለማዳረስ ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያው በከፍታ እንዲስተካከል ያዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የሚደረገው ማስተካከያ ከ1 ግራም በላይ ነው። ስለዚህ ለደሴ ሴት ወሰኑ 12 ሳይሆን ከ13 ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። አሳይታ በረሃ የምትኖር ሴት 12.4 ቢኖራት ደኅና ናት፤ መምህርቷ ግን በዚያው ቁጥር ደም አንሷታል። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ብትኖር እንኳ ማስተካከያው ያንሳል እንጂ አይቀርም። የደላንታና የቦረና ደጋ ሴቶችም ይህንን ልብ ቢሉት ደግ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሄሞግሎቢን የሚወርደው በሰውነት የተቀመጠው ብረት ካለቀ በኋላ ነው። ድካም፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ክምችቱን ያሳያል፤ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። ፌሪቲን የማይሠራበት ቦታ ከሆናችሁ፣ በሙሉ የደም ምርመራው ወረቀት ላይ የቀይ ደም ሴሎቹ መጠን አንሶ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ።

የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ መንስኤው ልጻፍ፤ የመምህርቷ ደም ኪኒኑን ስትተው የሚመለሰው፣ መንስኤው ሳይታወቅ ደሙ ብቻ ስለታፈነ ነው። ከልክ ያለፈ ደም ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መንስኤዎቹን በዘጠኝ ክፍል አስቀምጧል። አራቱ በአልትራሳውንድ ወይም በናሙና የሚታዩ ናቸው፤ እነርሱም በማኅፀን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ተንጠልጣይ ሥጋ፣ የማኅፀን ሽፋን ወደ ጡንቻው ዘልቆ መግባት፣ ማዮማ፣ እንዲሁም ካንሰርና የካንሰር ዋዜማ ናቸው። የቀሩት ደግሞ በምስል አይታዩም። ደም ቶሎ ያለመርጋት፣ እንቁላል በየወሩ አለመውጣት፣ የማኅፀን ሽፋን የራሱ እክል፣ ከመድኃኒት ወይም ከወሊድ መቆጣጠሪያ የሚመጣ፣ መጨረሻም ገና ያልተመደበ። በእኛ አካባቢ እንቁላል በየወሩ ላለመውጣቱ ሊረሳ የማይገባው አንዱ ምክንያት የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም ነው፤ አንገቷ ያበጠ፣ ብርድ የማይለቃት፣ ሆዷ የሚደርቅ ሴት ደም ሲበዛባት የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ሊታዘዝላት ይገባል። የልብ በር (ቫልቭ) ታማሚ ሆነው የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሴቶችም አሉን፤ እነርሱ መድኃኒቱን በራሳቸው ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ፣ መጠኑን ወደሚያስተካክልላቸው ሐኪም ፈጥነው ይሂዱ።

መምህርት፣ እንዲታይልሽ የምትጠይቂው ይህ ነው፦ የእርግዝና ምርመራ፣ ሙሉ የደም ምርመራ፣ የማኅፀን በር በዓይን መታየት፣ አልትራሳውንድ፤ እንደ ምልክቱ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን። ዕድሜሽ 45 ቢሆን ኖሮ ከማኅፀን ሽፋን ናሙና መውሰድ ይጨመር ነበር፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላት ወይም ለዓመታት የወር አበባዋ እየተዘበራረቀ የቆየ ሴት ናሙና ያስፈልጋታል። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ስለሆነ፣ «ደም እየፈሰሰኝ እንዴት ልታይ» ብሎ ማፈር ዋጋ ያስከፍላል። ሐኪሙ ደም አይቶ የማያውቅ ይመስል!

ወልድያ ነኝ

ይቅርታ፣ የእኔ ትንሽ የተለየ ነው። ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ካስገባሁ ወዲህ ጠብ ጠብ እያለ የማያቋርጥ ደም ይታየኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ ጭራሽ ቀረባት፤ ሰዎች «ደሙ ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» ብለው አስፈራሯት። እውነት ነው?

አዋላጅ ነርስ (ኮምቦልቻ)

አይጠራቀምም። መርፌው የማኅፀንን ሽፋን ያሳሳዋል፤ ያልተገነባ ሽፋን ስለማይፈርስ የሚወርድ ነገር የለም። ይህን ወሬ ሰምተው መርፌውን ያቋረጡና ሳይፈልጉ ያረገዙ ሴቶችን ስንቀበል ስለኖርን፣ ቡና ላይ ለሚያወሩት ሁሉ እባክሽ ንገሪልን።

የአንቺው ጠብታ ደግሞ በክንድ በሚቀበረው ላይ የታወቀ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበዛል፣ ለብዙዎች እየቀነሰ ይሄዳል፣ ለአንዳንዶች ግን አይቀንስም። ሳታስወጪው በፊት ለአምስት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ወይም ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሊያስተካክለው ይችላል። ይህ ካልሠራና ካስመረረሽ እንዲወጣልሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ማንም «ጊዜው አልደረሰም» ሊልሽ አይገባም። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ግን ደም ስለሚያበዛ ቀድሞም ደም ለሚበዛባት ሴት አልመክረውም።

የመርሳ እናት

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የወር አበባ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። አንዴ ሁለት ወር ይቀራል፣ ሲመጣ ደግሞ አልጋዋን ያበላሻል። ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ልጅ ስለሆነች ነው ብዬ ዝም ልበል?

የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም

እናቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት እንቁላል በየወሩ ስለማይወጣ ጊዜው መዘበራረቁ የሚጠበቅ ነው፤ እስከ 45 ቀን መራራቁም አያስደነግጥም። መብዛቱን ግን በዚህ ምክንያት አልፈው አይተዉት። ገና ከመጀመሪያው የወር አበባ ጀምሮ ከባድ ደም ከሚፈሳቸው ልጃገረዶች መካከል፣ ከልደት ጀምሮ ደማቸው ቶሎ የማይረጋ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ነስር ይነስራታል ወይ? ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል ወይ? ትንሽ ተጋጭታ ሰውነቷ ይበልዛል ወይ? ጥርስ ተነቅላ ወይም ተቆርጣ ደሙ አልቆም ብሎ ያውቃል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አስፕሪንም አይስጧት። ለልጃገረድ የውስጥ ምርመራ አያስፈልግም፤ አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ይታያል፣ ስለ ክብረ ንጽሕናዋ የሚያሳስብ ነገር የለም። የሆርሞን ኪኒን ቢታዘዝላትም ደሙን ለመግታት ነው፤ ወደፊት መካን አያደርጋትም።

የሐይቅ ልጅ

የእኔ እናት ካረጡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ሰሞኑን ትንሽ ደም ታያቸውና አክስቶቼ «ወጣትነትሽ ተመለሰ» ብለው ሳቁ። ሕመም የላቸውም፤ በሁለት ቀን ቆመ። ይህም መታየት አለበት?

የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም

አዎን፤ በዚህ ክር ውስጥ ከተነሱት ሁሉ እጅግ የሚያስቸኩለኝ የእርስዎ ነው። የወር አበባ ለአሥራ ሁለት ወር ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ቢቆምም፣ ባያምም፣ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ቀላል አይታይም። አብዛኞቹ የሽፋን መሳሳት ወይም ተንጠልጣይ ሥጋ ሆነው ይገኛሉ፤ ከአሥሩ ወደ አንዷ ገደማ ግን የማኅፀን ሽፋን ካንሰር ይገኝባታል። ደስ የሚለው፣ ይህ ካንሰር ገና በጠዋቱ ደም ስለሚያሳይ ፈጥና የታየች ሴት ብዙ ጊዜ ትድናለች። በዚህ ሳምንት ውስጥ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ የማኅፀን በራቸውም ይታይ።

ከሚሴ ነኝ

ለእኔ ከድካሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሶላቴና ጾሜ ነው። ደሙ ሲረዝምብኝ ረመዳን ግማሹ ያልፈኛል። ሐይዱ (የወር አበባው) መቼ እንዳበቃ አላውቅም።

ኡስታዛ (ባቲ)

እኅቴ፣ ይህ በፊቅህ (በእስልምና ሕግ ትምህርት) የታወቀ ጉዳይ ነው። የሐይድ ረጅሙ ጊዜ በሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዳ ይባላል። በኢስቲሓዳ ላይ ያለች ሴት ታጥባ፣ ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) አድርጋ ትሰግዳለች፣ ትጾማለችም። የቀድሞ ልማድሽ ስንት ቀን እንደነበረ ማወቁ ለፍርዱ ስለሚጠቅም ቀኑን እየመዘገብሽ በአካባቢሽ ላለ አዋቂ አቅርቢ። መታከሙ ደግሞ ዒባዳሽን (አምልኮሽን) የሚያቀልልሽ እንጂ የሚቃረን አይደለም። ክርስቲያን እኅቶቻችንም ቤተ ክርስቲያን መግባት እየቀረባቸው ለወራት እንደሚቸገሩ ጎረቤቶቼ ነግረውኛል፤ እነርሱም የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።

ባል ነኝ፣ ከወገል ጤና ከተማ (ደላንታ)

ባለቤቴ እንደ መምህርቷ ነው የሚያደርጋት። የጤና መድን አለን፤ ነገር ግን በቀጥታ ደሴ ሆስፒታል ብንሄድ ይሻላል ወይስ ከዚሁ እንጀምር?

አዋላጅ ነርስ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ መጠየቅዎ ያስመሰግናል፤ ብዙ ባሎች «የሴት ነገር ነው» ብለው ይሸሹታል። ደሙ አሁን ያልበረታ ከሆነ ከጤና ጣቢያው ይጀምሩ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ የመድኑን ሽፋን ሊያሳጣ ይችላል። በጤና ጣቢያው የእርግዝናና የሄሞግሎቢን ምርመራ ተሠርቶ ብረት ተጀምሮላት ብትሄድ ደሴ ስትደርስ ጊዜ ታተርፋለች። የወር አበባው የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ በየቀኑ የቀየረችውን የሞዴስ ብዛት በደብተር ጽፋ ብትይዝ ሐኪሙ ከማንኛውም ነገር በፊት የሚጠይቃት እርሱን ነው። ደሙ በርትቶ ራሷን ካዞራት ግን ወረቀት አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ነውና በቀጥታ ይውሰዷት።

ፋርማሲስት (ደሴ)

ስለ ብረት ኪኒን ልጨምር፤ «ብረት ወሰድሁ፣ አልሠራልኝም» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ከቡና ጋር ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በሲሶ ያህልና ከዚያም በላይ ይቀንሰዋል፤ ሻይ ደግሞ ከቡናም ይብሳል። በወሎ ምሳ ተበልቶ ረከቦት የማይቀርብበት ቤት የት አለ? ቡናውን ተዉ አልልም፤ አቦሉን ከምግቡና ከኪኒኑ ሁለት ሰዓት ያህል አርቁት ነው የምለው። ኪኒኑን በባዶ ሆድ በሎሚ ውኃ ወይም በብርቱካን ውሰዱት፤ ወተትም አይቅረበው። ሆድ ካስቀየመ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላል፤ ሰውነት በዚህ መንገድ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚወስደው ብረት እንዲያውም ይጨምራል። ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ነውና አያስደንግጣችሁ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጠላል።

ደሙን ስለሚቀንሱት ደግሞ፣ አይቡፕሮፌን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሕመሙንም ደሙንም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው አይወስደውም። ትራኔክሳሚክ አሲድ ሆርሞን አይደለም፤ ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ግራም፣ ከአምስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ደሙን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ግን አትወስደውም። ሁለቱንም በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጎረቤት ተውሳችሁ አትጀምሩ።

የጦሳ ሥር መምህርት (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባለውን ሁሉ ይዤ ሄጄ ነበር። የማኅፀን በሬ ደኅና ነው፤ በአልትራሳውንድ ግን ወደ ማኅፀኔ ክፍተት የገፋ ማዮማ ተገኘ። ፌሪቲኔ 9 ነው። አንደኛው ሐኪም ማኅፀንሽ ቢወጣ ይሻላል አሉኝ። ሰውነቴ ፈራ፤ ሴትነቴስ ምን ይሆናል?

የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም

መምህርት፣ ማዮማ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርነት የሚዞረውም እጅግ ጥቂቱ ነው። ብዙ ሴቶች ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፤ ደም የሚያበዛው በተለይ እንደ አንቺው ወደ ክፍተቱ የገፋው ነው። ስታርጪ ስለሚሟሽሽ እናትሽ ያሉት ቃል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እስከዚያ ያለው አሥር ዓመት ረጅም ነው።

ማኅፀን ማውጣት ከምርጫዎቹ አንዱ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ተጨማሪ ልጅ ትፈልጊ እንደሆነ መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ሁሉም የሚወሰነው በዚያ ላይ ነው። ከፈለግሽ ማዮማው ብቻ ተለይቶ ይወጣል፤ ትንሽ ከሆነና አብዛኛው አካሉ ክፍተቱ ውስጥ ካለ፣ መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ሆድ ሳይከፈት በማኅፀን በር በኩል ሊቆረጥ ይችላል። ካልፈለግሽም ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ። ሆርሞን ያለው ሉፕ ደግሞ በሌሎች ላይ ደሙን እስከ ዘጠና በመቶ የሚቀንስ ቢሆንም፣ ክፍተቱ በማዮማ ከተጣመመ ሊወጣ ስለሚችል ለአንቺ የሚሆን መሆኑን ሐኪምሽ በምስሉ ይወስን። ማኅፀን ማውጣቱ ላይ ቢደረስ እንኳ ሆርሞን የሚሠሩት የእንቁላል ዕጢዎች ናቸው፤ እነርሱ እስከቀሩ ድረስ የወር አበባና መውለድ ይቀራል እንጂ በዚያው ቀን አታርጪም፣ ከባለቤትሽም ጋር ያለሽ ኑሮ አይቀርም። ስለዚህ «ዕጢዎቹም ይወጣሉ ወይስ ይቀራሉ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

በማንኛውም መንገድ ብትሄጂ ፌሪቲንሽ 9 ሆኖ ወደ ቀዶ ሕክምና አትግቢ። ብረቱን አሁኑኑ ጀምሪ፤ በኪኒን ካልወጣ ወይም ቀጠሮው ከቀረበ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት መኖሩን ጠይቂ፤ የአልትራሳውንዱን ወረቀትም ይዘሽ ሁለተኛ ሐኪም ከማማከር አትፈሪ።